ሁለት ሰሃን ዱባ

ፓሳዴና፣ ቴክሳስ
ኦገስት 28

…ባርኔጣውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ፊርማዬ የተጣመመው ለዚያ ነው። ጸሐፊዋ "እዚህ ቤት ባርኔጣ አይደረግም" ስትለው አወለቀና የሚያስቀምጥበት አጣ። ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፣ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ገድ የለውም። ስለዚህ ለእኔ ሰጠኝ። በቀኝ እጄ ይዤው በግራዬ ፈረምኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ዞር አድርጋ አየችና "ይሄ ስም ነው?" አለች። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ያን ጊዜ ምን እያሰብኩ እንደነበር እስካሁን—

ይቅርታ አጎቴ። ከመሃል ጀመርኩ። እማዬ ብታየው ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ፀጉር ሳያበጥሩ አደባባይ መውጣት ነው ትለኝ ነበር።

ለተከበሩ አጎቴ ኤሌውቴሪዮ፦ ይህ ወረቀት በጤናዎ ያግኝዎት። እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ፤ የአክስቴን የሲሞናን ዓይን ታብራላቸው። እኛ ደህና ነን። እማዬ ወገቧን ያማታል፤ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ አያመኝም ትላለች።

ነገሩን በቀጥታ ልናገር። በጁን አገባሁ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እሱ ሃያ አንድ። ስሙ ኖርቤርቶ ነው፤ ቤቶ እንለዋለን። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የብረት መወጣጫ ይተክላል፤ ሌሎቹ ላዩ ላይ ቆመው ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ ይነቅለዋል። እሁድ እሁድ ካውቦይ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ። እሁድ ብቻ ማለቴ ልክ አይደለም። ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ባለው ጋጣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ፈረስ አላቸው፤ ሲሶው የእሱ ነው።

የተፈራረምነው ፍርድ ቤት ነው። በቤተ ክርስቲያን የምንጋባው ኖቬምበር 19 ነው። እማዬ "አጎቴ ኤሌውቴሪዮ ካልመረቁ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አልደርስም" ብላለች። ጮክ ብላ አይደለም፤ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል። አያቴ ከሞቱ ወዲህ የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ወንድማቸው እርስዎ ነዎት፤ እሷም እኔም እናውቃለን።

ሽማግሌ አልላከም። አውቃለሁ። የሚልከው የለውም። አባቱ ሞተዋል፣ አጎቶቹን የሚያውቃቸው በፎቶ ነው። ምርቃትዎን እለምናለሁ። አንድ መስመር ይበቃል። የእሱን ፎቶ ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።

የወንድምዎ የልጅ ልጅ፣
ዴልፊና


ሙስኪስ፣ ኮዋዊላ
ሴፕቴምበር 21

ለልጄ ለዴልፊና፦ ሰላም ከነቤትሽ ይብዛልሽ። እኛ፣ አንድዬ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። ደብዳቤሽ መኖ መደብሩ ውስጥ ከጨው ከረጢት ሥር አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ነበር። ስልክ በዚህ ሸለቆ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ፤ ቢሠራም አላነሳውም።

ፎቶውን አየሁ። ሲሞናም አየች። "መልኩ ደህና ነው" አለች። መልኩን አልጠየቅኳትም። ባርኔጣው ላብ አልነካውም። ቡትሱ ላይ እበት የለም። የቀበቶው ዘለበት ሰሃን ያህላል፤ ምን አሸንፎ ነው የተሸለመው?

አንድ ጥያቄ አለኝ። ስንት ላም አለው? ባኬሮ ማለት የላም ሰው ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ ከላም የወጣ ነው። ከድንበር ማዶ ያለው የእናንተ እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው ይሉኛል። የፈረስ ሲሶ አለው ብለሻል። የትኛው ሲሶ ነው? የፊቱ ከሆነ ያበላዋል፣ የኋላው ከሆነ ይጠርግለታል፣ የመሃሉ ከሆነ ደህና፣ ይቀመጥበታል።

ሽማግሌ ሳይላክ ከዚህ ቤት የወጣች ልጅ የለችም። እናትሽን ሊጠይቁ የመጡት ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ የተቀበላቸው ውሻው ብቻ ነበር። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በሦስተኛው ለውሻው አጥንት ይዞ መጣ። አዋቂ ማለት ያ ነው።

እምቢ አላልኩም። እሺም አላልኩም። ከብት መሰብሰብ የምንጀምረው ኦክቶበር 10 ነው፤ ስድስት ቀን ይፈጃል። የሚልከው ሽማግሌ ከሌለው ራሱን ይላክ። ጓንት ይያዝ።

አጎትሽ ኤሌውቴሪዮ


ፓሳዴና
ሴፕቴምበር 30

ለተከበሩ አጎቴ፦ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ለቤቶ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "የትኛው ሲሶ" የሚለው ላይ ስደርስ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። "እኒህ ሽማግሌ ይመቹኛል" አለ። እማዬ አልሳቀችም። እማዬ ደብዳቤዎን ተቀብላ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጣቷ እየተከተለች ለብቻዋ አነበበችው።

ላም የለውም። እዚህ ላም የለም፤ ቧንቧ ነው ያለው። የሥራ ጓደኞቹም እንደ እርስዎ ይጠይቁታል። ባለፈው ምሳውን ረስቶት ልሰጠው ስሄድ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ።

"አንተ ካውቦይ፣ ላሞችህን ዛሬ የት አሰርካቸው?"

"ምን አስራቸዋለሁ፣ አብሬያቸው ምሳ ልበላ ነው እኮ።"

ሁሉም ሳቁ። የጠየቀው ሰውዬ ራሱ ዳቦውን እንደያዘ "እምቧ" አለ።

እንዲህ ነው ቤቶ። ይወደዳል። እኔ የምሠራው የማጣሪያው ቱታ የሚታጠብበት ቤት ነው፤ ቱታዎቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ነው ያለው። የእሱን ቁጥር ስለማውቀው ሳገኘው ለይቼ አጥፈዋለሁ። ይህን እንኳ ነግሬው አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጻፍ፣ አልጻፍ እያልኩ ሁለት ቀን ዋልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ወተት አለቀብን። ሱቁ እዚሁ ጥጉ ላይ ነው፤ መቶ እርምጃ አይሆንም። ቤቶ ባርኔጣውን አደረገ፣ መስተዋት ፊት ቆመ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቱ አስተካከለ፣ ወደኋላ ሸሸት ብሎ አየ፣ እንደገና አስተካከለ። ወተት ሊገዛ። እኔ ከበስተኋላ ቆሜ ነበር፤ መስተዋቱ ውስጥ እኔም አለሁ፣ ግን አላየኝም። ማንን ነው ያገባሁት አልኩ። ሰውዬውን ነው ወይስ ባርኔጣውን? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለእርስዎ ለምን እንደምነግርዎ አላውቅም። ምናልባት እምቢ ቢሉ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳይሆን ፈልጌ ይሆናል። መስመሩን ልሰርዘው ነበር። ተውኩት።

ይመጣል። የሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ፎርማኑ ፊቱን አጥቁሮበት ነው የሚመጣው። አንድ ልመና፦ ለእንግዳ የምትሰጡትን ፈረስ አይስጡት። እማዬ ነግራኛለች።

ዴልፊና


ሙስኪስ
ኦክቶበር 19

ለልጄ ለዴልፊና፦ ጤና ይስጥልኝ። የከተማው ልጅ ከነአጥንቱ ተመልሷል፤ ስለዚህ አትስጊ። ለእንግዳ የምንሰጠውን ፈረስ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በማግስቱ ነው።

ሦስት ጊዜ ወደቀ። አራተኛውን አልቆጠርኩበትም፤ ፈረሱ ቆሞ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጥጃ ለመጥለፍ ገመድ ወርውሮ የአጥር ምሰሶ ያዘ። ሰዎቹ ከአጠገባችሁ ባለው ትልቅ ከተማ ስም እየጠሩ "በርታ ሂዩስተን፣ አጥብቀህ ያዘው፣ እንዳያመልጥህ" አሉት። "ዝም በሉ፣ ገና እየለመደኝ ነው" አለ። ምላስ አለው። ላብም አለው፤ ይህን አልክድም። ባርኔጣው አሁን ባርኔጣ ይመስላል።

በአራተኛው ቀን ከጉድጓድ ውሃ የሚስበውን የንፋስ መዘውር አየ። ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት መዘውሩ ቆሞ ሁለት ዓመቱ ነው። መሰላሉን ዝገት በልቶታል፤ የሚወጣበት ሰው አልነበረም። እሱ ከጎተራው ጀርባ አሮጌ ቧንቧ ሰበሰበ፣ በሽቦና በገመድ እየጠፈረ ደረጃ በደረጃ ተከለው፣ ወገቡን አሰረና ወጣ። ባርኔጣውን ለሲሞና ሰጣት። ከታች ቀና ብዬ አየሁት። መሬት ላይ አፉ የማይዘጋው ልጅ እዚያ ላይ አንድ ቃል አልወጣውም። እጁ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ መዘውሩ ዞረ። ከብቶቹ ውሃው ሲወድቅ ሰምተው ዞረው አዩ። ይህን የምጽፈው የሆነ ነገር ስለሆነ ነው፤ ከመልሱ ጋር ግንኙነት የለውም።

መልሱ እንዲህ ነው። በመጨረሻው ቀን ሲሞና ዱባ በጥቁር ስኳር ቀቀለች። ቀቅይ ያልኳት እኔ ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። በዚህ ቤት ሴት ልጅ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው "አይሆንም" ተብሎ በአፍ አይነገረውም፤ ዱባ ይቀርብለታል። ሰውየው ማንኪያውን ሳይነካ ባርኔጣውን አንስቶ ይሄዳል። የእኔ እህት ሲሞና ራሷ በልጅነቷ ሁለት ሰው እንዲህ ሸኝታለች። አንደኛው ዛሬም ገበያ ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

ያንቺ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ ሲሞና" አለና በላ። ጠርጎ በላ። ከዚያ ሰሃኑን ገፋ አድርጎ "ካለ ትንሽ ይጨምሩልኝ" አለ።

በሰባ አራት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሲሞና እኔን አየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጨመረችለት።

ቢሆንም መልስ መልስ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው። ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ የላም ሰው አይደለም፤ አንቺም ይህንኑ ጽፈሽልኛል፣ መስተዋት ፊት ቆሞ አይተሽዋል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

አጎትሽ


ፓሳዴና
ኖቬምበር 1

አጎቴ፦ ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው። ጤና ይስጥልኝ።

ቤቶ የተመለሰ ዕለት እማዬ ሾርባ ሠርታ ጠብቃው ነበር። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። "እትዬ ኦፌሊያ፣ ያንን ዱባ ቢያዩት። ሁለት ሰሃን ነው የበላሁት። የወደዱኝ ይመስለኛል።" እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተነሳችና የታጠበ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ቤቶ "ምን አጠፋሁ?" ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። "ወገቧን ነው" አልኩት።

አሥር ቀን ያህል አልነገርኩትም። ስለ ፈረሱ አወራ፣ ስለ መዘውሩ አወራ፣ እጁ ላይ ያለውን የገመድ ቁስል ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። ስለ ዱባው ሲያወራ ግን ድስት የማነሳበት ምክንያት እፈልግ ነበር። ከዚያ ደብዳቤዎ ደረሰ። ፒክአፑ ውስጥ፣ ማጣሪያው አጥር ፊት ቆመን ነገርኩት። መሪውን በአውራ ጣቱ ቆይቶ ቆይቶ ይመታው ነበር።

"እና እኔ ጨምሩልኝ አልኩ?"

"አልክ።"

"ሲጨምሩልኝስ? እሱ ምን ማለት ነው?"

"አላውቅም። እስከዛሬ ማንም ጨምሩልኝ ብሎ አያውቅም።"

"ይጣፍጥ ነበር እኮ" አለ። ወርዶ ወደ ሥራው ሄደ።

ባለፈው እሁድ ባርኔጣውን አላደረገም። የፈረስ ተራውን ለጓደኛው ለቀቀለት። ባዶ ራሱን በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ ግንባሩ ላይ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ ነጭ መስመር አለ፣ አይቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቻችን በፈረስ ሲያልፉ "ቤቶ፣ አሞሃል?" አሉት። "ፀጉሬን አየር እያስነካሁ ነው" አላቸው። እነሱ ሳቁ። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። የምፈልገው ይህን አልነበረም? ባርኔጣው ወርዶ ሰውዬውን ለብቻው ማየት? አየሁት። ያው ራሱ ነው፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱንም የወሰድንበት እርስዎና እኔ ነን።

ሳምንቱን ሙሉ ራሱ ላይ የሚያደርገው ሄልሜት የኩባንያው ነው። ቁጥር አለው፤ ሲወጣ መልሶ ይሰቅለዋል። ባርኔጣው ውስጥ ግን፣ ግንባሩን በሚነካው ቆዳ ላይ፣ የራሱ ስም አለ። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። ከሳን ሉዊስ መጥተው ሃያ ዓመት የዘይት ታንከር ሲያጥቡ ኖሩ፤ እሁድ ባርኔጣቸውን አድርገው ሲወጡ ግን ማንም "የማን ሠራተኛ ነህ?" አይላቸውም ነበር። ይህን ነግሮኛል። የነገረኝ ከመጋባታችን በፊት ነው። እኔም እያወቅኩት፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ለአንድ ጠርሙስ ወተት ረሳሁት።

ስለዚህ ያንን የጻፍኩልዎትን ጥርጣሬ ይመልሱልኝ። የእኔ ነው። ምስክር እንዲሆንብኝ አልሰጠሁዎትም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። እርስዎ ስንት ላም አለዎት አጎቴ? አምሳ ዓመት የነዱት የባለርስቱን ከብት ነው። ጥጃው ላይ የሚተኮሰው ምልክት የባለርስቱ ነው፤ የሚቀመጡበት ፈረስ እንኳ የባለርስቱ ነው። ቤቶ ሲሶ አለው። ይህን የምለው ላዋርድዎ አይደለም። ኤሌውቴሪዮ ባኬሮ አይደለም የሚል ሰው ፊቴ ቢቆም ጥርሱን አረግፍለታለሁ። ባኬሮ የሚያደርገው የራስ ላም ካልሆነ ግን፣ ቤቶም ስለ ላም አይጠየቅ።

ዱባውን በልቶ ጨርሶታል። እምቢታዎ ሰሃኑ ላይ የለም። ኖቬምበር 19 እንጋባለን። እስከዛሬ ለምኛለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልለምንም።

ዴልፊና


ሙስኪስ
ኖቬምበር 10

ለዴልፊና፦ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ስለ ላሞቹ ለጠየቅሽው፤ አንድም የለኝም። አንዲት ጊደር ነበረችኝ፤ ድርቁ ወሰዳት። ስሟን አልጽፍም።

ደብዳቤሽን ሲሞና ጮክ ብላ አነበበችው። የእኔ ዓይን ደህና ነው፤ ማንበብ የፈለገችው እሷ ናት። "ጥርሱን አረግፍለታለሁ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ "የማን ልጅ እንደሆነች ያስታውቃል" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

አቅርቤ ያነሳሁት ዱባ የለም። በዚህ ዕድሜዬም አልጀምርም።

መዘውሩ ሲዞር ይጮኻል። ምን ዓይነት ቅባት እንደሚያስፈልገው ያንን ሰው ጠይቂልኝ።

ሲሞና ጋብቻው በስንት ሰዓት እንደሆነ ትጠይቃለች። የምትጠይቀው እሷ ናት። አውቶቡስ ከዚህ የሚነሳው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ አውቶቡስ አልወድም።

ኤሌውቴሪዮ


ፓሳዴና
ኖቬምበር 19

ለተከበሩ አጎቴ፦ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። ይህ የእኔ መልስ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልፎ ይሆናል። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ ቀለም እንዳይነካኝ ክንዴን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌ። ለአክስቴ ሲሞና ይንገሩልኝ፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ቅባቱን ቤቶ በወረቀት ጽፎልዎታል፣ ከዚህ ጋር አለ። ከበድ ያለ ሰው እንዳይወጣበት፣ መወጣጫው የተለካው በእሱ ክብደት ነው ብሏል።

ቤቶ አበባ ሊያመጣ ሄዷል። ባርኔጣውን አድርጎ ነው የሄደው። ትናንት ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ እኔ ነኝ የሰጠሁት። "አባ ጥርጣሬ የት ሄደ?" አለኝ። ያንን መስመር አሳይቼው ነበር፤ ሁሉንም ደብዳቤዎች አሳየሁት። "መስተዋት ፊት የምቆመው ካንቺ ጋር ስወጣ ነው፣ ያን ቀን አብረሽኝ የምትሄጂ መስሎኝ ነበር" አለ። እውነት ይሁን፣ እዚያው የፈጠረው ይሁን አላውቅም። ተቀበልኩት።

እማዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። እግሯ ላይ ያለው ግን የቤት ጫማ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ከወገብ በላይ የሰርግ ሰው፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የቤት ሰው። አላግባባኋትም። "አምስት ሰዓት ነው እማዬ" አልኳት። "ሰምቻለሁ" አለች።

ሳሎኑ መሃል ወለሉ ላይ ትራስ አለ፣ ሙሽሮች ተንበርክከው የሚመረቁበት። ማን እንዳስቀመጠው አልጠየቅኩም። ትራሱ ፊት ለፊት ያለው የመራቂው ወንበር ባዶ ነው፤ የሐሙሱ አውቶቡስ ሰው ይዞ ይምጣ፣ አይምጣ አላውቅም። ስገባ ስወጣ ዞሬው አልፋለሁ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ አልንበረከክም፤ ቆሜ እሄዳለሁ። ቆሞ የሄደ ሰው አልተባረከም የሚል ካለ፣ እኔ ቆሜ የምሄደው ከባሌ ጋር ነው።

ብዕሬን አስቀምጬ የቀሚሴን ቁልፍ እንደገና ፈትቼ ቆለፍኩት። ፍርሃት አይምሰልዎ። ወይም ይሁን፤ እየፈሩም ይኬዳል።

መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። አበባው ቶሎ ተገኘ ማለት ነው። እማዬ ከአልጋዋ ስትነሳ የአልጋው ሽቦ ተሰማኝ። ተነስቼ አላይም፤ ይህን መስመር ልጨርስ።

የቤቶ ፒክአፕ በር ሁለቴ ካልመቱት አይዘጋም።

ይሄ አንዴ ብቻ ተመታ፤ ተዘጋ።